መምህሬ አጠገቤ የተቀመጡበት ዓመት

ጋሼ ዋሲሁን ሁለት ጊዜ አስተምረውኛል። መጀመሪያ ጎንደር ውስጥ፣ ልጅ ሳለሁ፤ ቀጥሎ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል። በሁለተኛው ጊዜ እሳቸውም እንደኔ ተማሪ ነበሩ።

መንደራችን ከጎንደር ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይርቃል። ከዚያ መንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በመጨረስ የመጀመሪያው እሳቸው ነበሩ። መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ መምህር ተብለው ወደ ገዛ መንደራቸው ተመደቡ። ሲወለዱ ያዩዋቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አንቱ ይሏቸው ጀመር። አባቴ አለነ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው የተሸከመውን አውርዶ፣ እጁን በልብሱ ጠርጎ ነበር የሚጨብጣቸው።

ክፍል ውስጥ አይቆጡም። ተሳስተን ስንመልስ “ቀርበሻል፤ ትንሽ ነው የቀረሽ” ይላሉ። ጭራሽ ጠፍተን ስንሄድም “ቀርበሻል” ነበር የሚሉን። ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ቁጥር ማተሚያ ቤት የታተመ ይመስላል። እኔ ማካፈልን ከእሳቸው ተማርኩ፤ ክፍልፋይ ልንጀምር ስንል ነው የሄድነው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ቤታችንን ከነዕቃው ትተን ወደ እስራኤል ለመሻገር ወደ ሱዳን ተጓዝን። ያን ሰሞን ከመንደራችን ዘጠኝ ቤተሰብ ወጣ። ለማንም እንዳንናገር ታዘን ነበርና ለጋሼ ዋሲሁንም አልነገርናቸውም። እናታቸው እማማ የሺሃረግ እግራቸው ያንን መንገድ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ እሳቸው መቅረታቸው የታወቀ ነው። እኔ ሱዳን ላይ እናቴን ቀበርኩ። ከአባቴ ጋር እስራኤል ስገባ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። እዚያ ያለችው መምህርት አባይነሽ የሚለው ስም ለምላሷ ከበዳትና ያፊት አለችኝ። ያፊት ሆኜ አደግሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ፣ የአንድ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎቴን ፈጽሜ፣ አባቴ ወዳለበት ወደ አሽቀሎን ተመለስኩ። ኮሌጅ ለመግባት አመለከትኩ፤ ነጥቤ አልበቃም። እንደኔ ላሉት የአንድ ዓመት መሰናዶ ነበረ፤ መኺና ይሉታል። እሱን ያለፈ ኮሌጅ ይገባል፤ የወደቀ ወደሚሆንለት ይሄዳል። በፈረንጆቹ 1992 መጸው ተመዘገብኩ። ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ነበርን። አሥራ አንዳችን ከኢትዮጵያ ነን፤ የቀሩት ከሩሲያ በቅርቡ የመጡና እዚሁ የተወለዱ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን የሒሳቡ መምህር ሲገባ አንድ ሰው ከፊት ወንበር ብድግ አለ። ኮት ለብሷል፤ ከረባት አስሯል። ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበርና ሌሎቻችን ካናቴራ ነው የለበስነው። መምህሩ ጊል ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ነጠላ ጫማ የተጫማ ሰው ነው። ጊል ባለኮቱ ለማን እንደተነሣ ስላልገባው ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን በር አየ። ክፍሉ ሳቀ። ጊል ነገሩ ሲገባው ደነገጠ፤ “ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። እኔ ጊል ነኝ፤ ጊል ብቻ” አለ። ሰውየው ሲቀመጥ ፊቱን በጎን አየሁት።

ጋሼ ዋሲሁን ነበሩ። ጸጉራቸው ከግንባራቸው ሸሽቷል፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ ዕድሜያቸው ሠላሳ ቢሆን ነው፤ አርባ ይመስላሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ከኋላዬ የተቀመጠው ማለደ፣ ከእኛው ልጆች አንዱ፣ “ይሄንን ደግሞ ከየትኛው ሙዚየም አወጡት?” ብሎ በዕብራይስጥ ሲያንሾካሹክ፣ ከሚስቁት ጋር ሳቅሁ።

በዕረፍት ሰዓት ወደኔ መጡ። ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ፤ እጃቸውን ከፊታቸው አጣምረዋል።

“ይቅርታ እህቴ፣ የቀጥቃጩ የአለነ ልጅ፣ አባይነሽ አይደለሽም?” አሉኝ።

ማለደና ሁለት ልጃገረዶች አጠገቤ ነበሩ። “ስሜ ያፊት ነው፤ ተሳስተሃል” አልኳቸው በዕብራይስጥ። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ለመምህሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። እሳቸው ያን ያህል ዕብራይስጥ ይገባቸው ነበር። “ይቅርታ” ብለው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሥተውኝ ሄዱ። ለሦስት ሳምንት ያህል በአንድ ክፍል ስንቀመጥ ወደኔ አልተመለከቱም።

ለአባቴ የነገርኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም በሌላ ወሬ መሐል። ዋሲሁን የሚባሉት መምህራችን መኺና ገብተዋል አልኩት። አባቴ ወገቡን ታሞ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። እዚሁ ከተማ መኖራቸውን አላወቀም ነበር። ቀጥሎም እስከዚያ ቀን ያልነገረኝን ነገረኝ፤ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ከመጡት የመንደራችን ሰዎች የሰማውን።

እኛ ከወጣን በኋላ ጋሼ ዋሲሁን በየጠዋቱ መዝገባቸውን ገልጠው የሁላችንንም ስም ይጠሩ ነበር። ከሚያስተምሯቸው ሁለት ክፍሎች አሥራ ሰባት ልጅ ጠፍቷል። ስማችን ተጠርቶ ክፍሉ ዝም ሲል፣ እሳቸው አልቀሩም ብለው ምልክት ያደርጉ ነበር። የቀበሌው ሰው ቤታችን ተዘግቶ አይቶ ሲጠይቃቸው፣ ወላጆቻቸው ሩቅ አገር ልቅሶ ሄደዋል፤ ልጆቹ ግን እየተማሩ ነው ብለው መዝገቡን አሳዩት። እንዲህ አድርገው አሥራ አንድ ቀን አቆዩልን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ክፍል ገብቶ ቆጠረ። እኛ ያኔ ድንበሩን ተቃርበን ነበር። እሳቸው ሰባት ወር ታሠሩ። ሲፈቱ ማስተማሩ ተከለከለ፤ እናታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ወርደው እስከ 1991 ድረስ የአውሮፕላን ተራ ጠበቁ።

“ታዲያ ሲያዩሽ ምን አሉሽ?” አለኝ አባቴ።

አላወቁኝም ብዬ ልዋሽ ነበር። አልሆነልኝም፤ ያደረግሁትን ነገርኩት። አባቴ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። ምርኩዙን አንሥቶ ተነሣ። “ልበሽ” አለኝ።

ጋሼ ዋሲሁን ከእናታቸው ጋር ራማት ኤሽኮል የሚባል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት። አባቴ በየደረጃው እየቆመ ወጣ። እማማ የሺሃረግ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ደረጃ ስለማይወርድ ከሐኪም ቤት በቀር ወጥተው አያውቁም። ቤቱ በሙሉ በወረቀት ቁራጭ ተሸፍኗል። ግድግዳው ላይ ግድግዳ፣ በሩ ላይ በር፣ ማቀዝቀዣው ላይ ማቀዝቀዣ ተብሎ በዕብራይስጥ ተጽፏል። የእማማ የሺሃረግ ዱላ ሳይቀር ስሙ ተለጥፎበታል።

የጋሼ ዋሲሁንን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል፣ ሳልደርስ ክንዴን ይዘው አነሡኝ። አባቴ ስለ መዝገቡ ማመስገን ሲጀምር አቋረጡትና ስለ ወገቡ ጠየቁት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ “ያፊት ማለት ምን ማለት ነው?” አሉኝ።

“ውብ ከሚለው ቃል የመጣ ነው” አልኳቸው።

ወረቀትና እርሳስ አነሡና ጻፉት።

ከማግስቱ ጀምሮ ወንበሬን ትቼ ፊት ለፊት፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማለደ ሁለት ሦስት ቀን ቀለደብኝና ሰለቸው።

ቁጥር ብቻውን ሲመጣ ጋሼ ዋሲሁንን የሚያህል አልነበረም። ጊል ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ደብተራቸው ጠርዝ ላይ ያስቀምጣሉ። ቁጥሩ በወሬ ተጠቅልሎ ሲመጣ ነው የሚጠፉት። ገንዳው በስንት ሰዓት ይሞላል የሚለውን ጥያቄ፣ ገንዳ የሚለውን ቃል ስነግራቸው ይሞላል የሚለው ይጠፋቸዋል፤ ያንን ስነግራቸው ጊዜው ያልቃል። “ዱሮ አንዴ የሰማሁት አይጠፋኝም ነበር” ይላሉ። ስለ እስር ቤቱ አንድም ቀን አላወሩኝም። አንዳንዴ ግን አንድ ገጽ አንብበው ሲጨርሱ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ።

በአማርኛ ሳስረዳቸው ቃላት ያጥረኛል፤ የኔ አማርኛ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አማርኛ ሆኖ ነው የቀረው። በዕብራይስጥ ሳስረዳቸው ደግሞ አንተ ማለት ይተናነቀኛል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን በዕብራይስጥ እጀምርና መጨረሻው ላይ፣ እሳቸውን የሚመለከተው ሲደርስ፣ ወደ አማርኛ እዞራለሁ። አንድ ቀን ይህንን አስተውለው ፈገግ አሉ።

ለምን ይህንን ያህል እንደሚደክሙ ጠይቄያቸው ነበር። የሚፈልጉት እንደገና ማስተማር ነው። የማሠልጠኛውን ዲፕሎማ በላስቲክ ጠቅልለው አምጥተውት ነበር፤ ያሳዩት ሰው ሁሉ በእሱ ብቻ እዚህ ማስተማር እንደማይቻል፣ ዳግመኛ መማር እንዳለባቸው ነገራቸው። “እሺ፤ እንማራለን” አሉ። ወደ መኺናው የመጡበት መንገድ ይኸው ነው።

የካቲት ላይ አንድ ዝናባማ ቀን ጊል የክፍልፋይ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ማን ይሠራዋል አለ። ማንም እጁን አላወጣም። “ዋሲሁን፣ ና እስቲ” አለ። ጊል ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊያከብራቸው ብሎ ነው።

ጋሼ ዋሲሁን የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው ወጡ። ጠመኔውን ሲይዙ ትከሻቸው ተስተካከለ። ሁለት ዓረፍተ ነገር በዕብራይስጥ ተናገሩ፤ ቀስ እያሉ፣ ተጠንቅቀው። ከዚያ ጽሑፉን ጀመሩና፣ በምን ቅጽበት እንደሆነ እንጃ፣ ቋንቋው ወደ አማርኛ ተሻገረ። እሳቸው አላወቁትም። ሁለቱ ክፍልፋዮች እንደ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ቋንቋቸው የተለያየ፣ የጋራ ታህት ካልፈለጉላቸው ሊደመሩ አይችሉም እያሉ፣ ከላይ የሚሆነው ከታችም እንዲሆን እያሳዩ፣ ወደኛ እየዞሩ፣ ገብቷችኋል ብለው በዐይናቸው እየጠየቁ አስረዱ። ለዓመታት ሳይገባኝ በቃሌ የያዝኩት ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ማለደ ማስቲካ ማኘኩን አቁሞ ነበር። ከኢትዮጵያ የመጣነው አሥራችንም አንገታችንን ቀና አድርገን ነበር።

አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከኋላ አንዱ ልጅ የአማርኛውን ድምፅ እያስመሰለ አጉተመተመ፤ ሳቅ ተነሣ። ጊል ልጁን ገሠጸው። ቀጥሎም፣ “ዋሲሁን፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን በዕብራይስጥ ይሁን፤ ሁሉም እንዲረዳው” አለ።

ጋሼ ዋሲሁን ቆሙ። የደረሱት የጋራ ታህት ጋ ነበር። በዕብራይስጥ መኻኔ መሹታፍ ይባላል፤ አውቀዋለሁ። ወደኔ አዩ። ተነሥቼ ልተረጉም እችል ነበር። ቢያንስ ያቺን ቃል ከወንበሬ ላቀብላቸው እችል ነበር። ሠላሳው ሰው እያየን ነው። ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ።

ሰሌዳ መጥረጊያውን አንሥተው የጻፉትን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አጠፉ። ጠመኔውን ቦታው አስቀመጡ። ጊልን አመሰገኑትና ተመልሰው ተቀመጡ። እስከ ትምህርቱ መጨረሻ ድረስ እጃቸው ላይ የቀረውን ጠመኔ ሲጠርጉ ነበር።

ያን ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ ማለደ መጣ። ዝናቡ ይዘንባል፤ እሱ ጃንጥላ የለውም። “ጋሼ፣ ያንን ነገር እንደገና ያስረዱን ነበር?” አላቸው። ማለደ በአማርኛ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እንዲህ ተጀመረ። ከእሳቸው ሕንፃ ሥር ሚክላት አለ፤ ለጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ የሚሆን፣ መስኮት የሌለው ክፍል። በሳምንት ሁለት ቀን ከምሳ በኋላ እዚያ እንሰበሰብ ጀመር። ሰባት ነበርን። አሮጌ ፍራሾችን ወደ ጥግ ገፍተን፣ ማለደ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ የተነቀለ በር ጥቁር ቀለም ቀብቶ ሰሌዳ አደረገው። ጋሼ ዋሲሁን እዚያ ሌላ ሰው ነበሩ። ይስቃሉ፤ ያስቃሉ። ማለደ ተሳስቶ ሲመልስ “ቀርበሃል” ይሉታል። እማማ የሺሃረግ ከላይ ሆነው የልጃቸው ድምፅ በደረጃው በኩል ሲመጣ ይሰሙት ነበር፤ እኔ ውኃ ልቀዳ ስወጣ “እያስተማረ ነው?” ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ። “ተመስገን” ይላሉ።

እኔ ግን የማየው ሌላም ነገር ነበር። የእኛን ትምህርት ሲያዘጋጁ የራሳቸው ዕብራይስጥ ቆመ። ግድግዳው ላይ አዲስ ወረቀት መለጠፍ ቀረ። ይህን አንስቼ፣ ፈተናው ደርሷል፣ ለራስዎ ያንብቡ ብላቸው፣ “እናንተ ስታልፉ ጊዜ አገኛለሁ” አሉኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ሒሳቡ እየገባኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ተፈተንን። የሚክላቱ ሰባት ልጆች በሙሉ ሒሳብ አለፍን። እኔ ሰማንያ ስምንት፣ ማለደ ሰማንያ አንድ። ጋሼ ዋሲሁን ሒሳቡን አለፉ፤ ዕብራይስጡን ወደቁ። ማለፊያው ስድሳ ነው፤ ያገኙት አርባ አንድ። በጋውን በሙሉ አጥንተው በመስከረም ደግመው ተፈተኑ፤ አርባ ሦስት። ሦስተኛ ዕድል አልነበረም።

የመጨረሻውን ውሳኔ ለመስማት ወደ ቢሮ ሲሄዱ አስተርጓሚ እንድሆናቸው ጠየቁኝ። ጸሐፊዋ መልካም ሴት ነበረች፤ ውኃ ቀዳችልን። በመኺናው መቀጠል እንደማይችሉ ነገረቻቸው። የብየዳ ኮርስ አለ፤ ለጥበቃ ሥራም ሰው ይፈለጋል፤ ጠንካራ ሰው ይመስላል አለች። ይህንን ሁሉ እየተረጎምኩ ነገርኳቸው፤ ጠንካራ ሰው ይመስላል የምትለዋን ተውኩ። ልንወጣ ስንል ጸሐፊዋ፣ ዘመድሽ ነው? አለችኝ።

“መምህሬ ናቸው” አልኳት።

“ተማሪሽ ነው ማለትሽ ነው” አለችኝ፣ ቋንቋ ተሳስቼ መስሏት። ደግሜ ነገርኳት። ፈገግ ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች።

ወደ ቤታቸው በእግር ነው የተመለስነው። ጋሼ ዋሲሁን አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ለእናቴ እኔ ራሴ እነግራታለሁ አሉ። እንዳልነገሯቸው ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። እማማ የሺሃረግ ልጃቸው በየጠዋቱ ሲወጣ ኮሌጅ የሚሄድ ይመስላቸው ነበር። እሳቸው የሚሄዱት ከከተማው ጫፍ ወዳለ የፕላስቲክ ከረጢት ፋብሪካ ነው። ከረባታቸውን አስረው ይወጣሉ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ፈትተው ኪሳቸው ይከቱታል።

እኔ በዚያው መጸው ኮሌጅ ገባሁ። የመረጥኩት መምህርነት ነው። ዜናውን ለመንገር አንድ ዓርብ ቤታቸው ሄድኩ። እማማ የሺሃረግ አልጋቸው ላይ ነበሩ። ግድግዳው ላይ የነበሩት ወረቀቶች ተነሥተዋል፤ ማጣበቂያው የነበረበት ቦታ ቀለሙ ተልጧል። ጋሼ ዋሲሁን በሩን ከፍተው ወንበር አቀረቡልኝ።

አዲሶቹ የመኺና ተማሪዎች ሚክላቱ ውስጥ እንዲያስተምሯቸው ለምነዋቸው እንቢ ማለታቸውን ሰምቼ ነበር። በዚያ ጀመርኩ። ልጆቹ እየተቸገሩ እንደሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ብዬ። ጊዜ የለኝም አሉ። ከዚያ ምን እንደማጠና ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

“ሌላ ፈልጊ” አሉኝ።

ለምን አልኳቸው።

“ያን ቀን ሰሌዳው ፊት ቃሉ የጠፋኝ መስሎሻል” አሉ፣ እናታቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “አልጠፋኝም። መኻኔ መሹታፍ። ከቤት ተለማምጄው ነበር የሄድኩት። ብቻ ዞር ስል አንቺን አየሁሽ፤ ፊትሽን አየሁት። ያፈርሽብኝ መሰለኝ። ከዚያ አፌ ተያዘ። እስከ ዛሬም አልተፈታልኝ።”

አላፈርኩብዎትም ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አፍሬ ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ፊት ለፊታቸው ዋሽቻለሁ፤ ሁለተኛውን ልጨምር አልቻልኩም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው አልተቆጡም፣ አላባበሉኝም። ተነሡና፣ ፀሐይ ሳትገባ ሰንበት ሳይደርስብሽ ሂጂ፣ አባትሽ ብቻውን ነው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እማማ የሺሃረግ ከአልጋቸው ሆነው ተኝቷል አሉኝ። በሁለተኛው ጊዜ ከውስጥ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ።

ይህን የምናገረው በ1994 ነው። ከሚክላቱ ሰባት ልጆች ኮሌጅ የገባነው አምስት ነበርን፤ ዛሬ ሁለት ቀርተናል። ማለደ የመጀመሪያውን መንፈቅ ጨርሶ ተወው፤ አባቱ ሞተው ነበር፣ ታናናሾቹ አራት ናቸው። አሁን እሱም ከረጢት ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ ከጋሼ ዋሲሁን ጋር በአንድ ማሽን። ሳገኘው፣ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመን ስለ ትምህርት አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም አለኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም ዋሲ ነው የሚላቸው። ማለደም እዚያ ሲሆን ዋሲ ይላቸዋል፤ ምን ላድርግ አለኝ።

እኔ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ባርኔአ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ለልምምድ እሄዳለሁ። ልጆቹ ያፊት ይሉኛል፤ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ያዳምጡኛል ወይም አያዳምጡኝም። ሲሳሳቱ ቀርበሃል፣ ቀርበሻል ማለት እፈልጋለሁ። በዕብራይስጥ ስለው እንደዚያ አይሆንም። አንዷ ልጅ፣ ቀርቤያለሁ ማለት ምን ማለት ነው፣ ወይ ልክ ነው ወይ ስሕተት ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። መምህርነቱን እስከ መጨረሻው እገፋበት እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ሲጠይቀኝ ደህና ነው እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ጋሼ ዋሲሁንን አገኘኋቸው። ከረባት ማሰሩን ትተዋል። እማማ የሺሃረግ በጥር ማረፋቸውን አውቃለሁ፤ ልቅሶው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ያኔ ብዙ ሰው ስለነበር አልተነጋገርንም። እጅ ነሣኋቸው። እሳቸውም እጅ ነሡኝ። አባቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። ወገቡ ብሶበታል፤ ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ይላሉ፤ እሱ እንቢ ብሏል አልኳቸው።

“እንቢ ይበል፤ ብረት ቀጥቃጭ ወገቡን በቢላ አያስነካም” አሉ።

የፋብሪካው አውቶቡስ መጣ። ለአባትሽ ሰላም በይልኝ ብለው ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ቦታ ስላልነበረ ቆመው ነበር። የኔ አውቶቡስ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅሁ።